ጄይኖች፣ ምጽዋትና ምናኔ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየጊዜው አንድ ዜና በስልካችን ይዞራል። ህንድ ውስጥ አንድ ሚሊየነር ሀብቱን በትኖ ባዶ እግሩን ከቤቱ ወጣ፤ ሚስቱም አብራው መነነች። የሰማ ሁሉ ይገረማል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ለመሆኑ ጄይኖች እነማን ናቸው?

ህንድ ውስጥ የተነሳ በጣም ጥንታዊ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው። ሂንዱም ቡድሂስትም አይደሉም። በ2011 የህንድ ሕዝብ ቆጠራ ወደ 4.45 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከአገሩ ሕዝብ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞሉም። ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ ብለው አያምኑም። የሚያከብሩት ቲርታንካራ የሚሏቸውን 24 መምህራን ነው። የመጨረሻው ማሃቪራ ይባላል። በወጋቸው መሠረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ599 ዛሬ ቢሃር በሚባለው ክፍለ ሀገር ከመሳፍንት ቤት ተወለደ፣ በ30 ዓመቱ መነነ።

ሁለት ትልልቅ ክፍሎች አሏቸው። የሽቬታምባራ መነኮሳት ነጭ ይለብሳሉ። የዲጋምባራ ወንድ መነኮሳት ደግሞ ልብስም ንብረት ነው ብለው ጨርሶ አይለብሱም።

ሃይማኖታቸው ንብረትን ተው ይላል፣ እነሱ ግን ሀብታም ናቸው። እንዴት ነው ነገሩ?

እውነት ነው፣ በአማካይ ከሌላው ህንዳዊ የተሻለ ይኖራሉ። በትምህርትም ከሁሉም የሃይማኖት ክፍሎች ቀዳሚ ናቸው። ምክንያቱ ግን ሃይማኖቱ ውስጥ ነው ያለው። የመጀመሪያው ሕጋቸው ነፍስ ያለውን ነገር ሁሉ አለመጉዳት ነው። እርሻ ትል ይገድላል። ሥጋ መሸጥ፣ ቆዳ መነገድ፣ የጦር መሣሪያ መሥራት የማይታሰብ ነው። እንዲህ እያለ ሲጣራ የቀረው ንግድ ነው፤ ጨርቅ፣ ወርቅ፣ አልማዝ፣ ብድር፣ ሒሳብ። (በደቡብ ህንድ ገበሬ ጄይኖችም አሉ፣ ሁሉም ነጋዴ ነው ማለት አይደለም።) አለመዋሸትና አለመስረቅም ከስእለታቸው ስለሆነ ደንበኛ ያምናቸዋል። መጠጥና ቁማርም አይፈቀድም። እንዲህ የሚኖር ነጋዴ ገንዘብ ቢያጠራቅም ምን ይገርማል?

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አምስተኛው ስእለት ንብረት አለመያዝ ነው፤ አፓሪግራሃ ይሉታል። መነኩሴው እስከ ጥግ ይፈጽመዋል። ምእመኑ ልክ ያበጅለታል፣ ከልኩ ያለፈውን ያወጣል።

አንድ ልማዳቸው ነገሩን በደንብ ያሳያል። በዲዋሊ በዓል ብዙ ጄይን ነጋዴዎች አዲስ የሒሳብ መዝገብ ይከፍታሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የሻሊባድራ ሀብት ይሁንልን» የሚል ምኞት ይጽፋሉ። ሻሊባድራ ባለፈው ሕይወቱ የድሃ ልጅ፣ እረኛ ነበር ይላሉ። አንድ ቀን በወተት የተቀቀለ ሩዝ አማረው። እናቱ ወተቱን ከአንዷ ጎረቤት፣ ሩዙን ከሌላዋ፣ ስኳሩን ከሌላዋ ለምና ሠራችለት። ሊበላ ሲል ለአንድ ወር የጾመ መነኩሴ በሩ ላይ ቆመ። ልጁ ሳህኑን እንዳለ ገለበጠለት። በሚቀጥለው ሕይወቱ ተቆጥሮ የማያልቅ ሀብት ይዞ ተወለደ፣ ከዚያም ያን ሁሉ ትቶ መነነ። ነጋዴው በመዝገቡ ላይ የሚመኘው እንግዲህ ይህን ሀብት ነው፤ ባለቤቱ ጥሎት የሄደውን። ለኔ ሃይማኖቱ የገባኝ እዚህ ጋ ነው።

በእነሱ ታሪክ የመጀመሪያው ስጦታ ምን ነበር?

የሸንኮራ ጭማቂ።

ከ24ቱ የመጀመሪያው ሪሻባ ንጉሥ ነበር። መንግሥቱን ለልጆቹ አከፋፍሎ መነነ። ያኔ በዓለም ላይ መነኩሴ የሚባል ነገር ታይቶ አያውቅም፣ ስለዚህ ሰው ምን እንደሚሰጠው አላወቀም። በየደጁ ሲቆም ወርቅ ያመጡለታል፤ ፈረስ፣ ዝሆን፣ ሴት ልጃቸውን ሳይቀር ይሰጡታል። ንጉሥ ነበርና ትንሽ ነገር መስጠት ነውር መሰላቸው። እሱ የሚፈልገው አንድ ጉርሻ ነበር፤ ያን ደግሞ መጠየቅ አይችልም። ከአንድ ዓመት በላይ ምንም ሳይቀምስ ዞረ። በመጨረሻ ሃስቲናፑር ከተማ ሽሬያንሳ የሚባል ልዑል ቤቱ የነበረውን የሸንኮራ ጭማቂ በእጁ መዳፍ አፈሰሰለት።

ቀኑ እስከ ዛሬ አክሻያ ትሪቲያ ተብሎ ይከበራል። አንድ ዓመት ሙሉ ቀን እያሳለፉ የጾሙ ጄይኖች በዚያ ዕለት ጾማቸውን በሸንኮራ ጭማቂ ይፈታሉ። ብዙዎቹ ለዚሁ ብለው ሃስቲናፑር ወይም በምዕራብ ህንድ ጉጃራት ውስጥ ፓሊታና ይሄዳሉ። ሴቶች፣ አዛውንቶች፣ ሱቅ ጠባቂዎች ናቸው፤ የተለየ ሰው አይምሰላችሁ።

ምጽዋት ሲሉ እንደኛው ለድሃ መስጠት ማለታቸው ነው?

ያም አለበት፣ ግን አንደኛው ክፍል ብቻ ነው። ስጦታን በዓይነት ይለያሉ። ከሁሉ በላይ የሚያስቀምጡት ፍርሃትን ማስወገድን ነው፤ አንድ ፍጥረት ከናንተ የተነሳ እንዳይሰጋ ማድረግ። በግ ከቄራ ገዝቶ ማስፈታት፣ ጉንዳን እንዳይረገጥ መጠንቀቅ፣ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቀጥሎ ለተገባው ሰው፣ ማለትም ለመነኩሴ የሚሰጠው አለ። ከዚያ በርኅራኄ ለተቸገረ የሚሰጠው፤ ከዚያ በዘመድና በማኅበራዊ ግዴታ የሚሰጠው፤ መጨረሻ ላይ ለስም ተብሎ የሚሰጠው። የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው፣ ግን እሱም ስጦታ ተብሎ ይቆጠራል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ቅር የሚለው ነገር አለ። መነኩሴው ከተራበው ድሃ ይቀድማል ማለት ነው? አዎ፣ በመጽሐፋቸው ደረጃ። የዚህ ሐሳብ መነሻ ስጦታ በመጀመሪያ የሚሠራው ሰጪው ላይ ነው የሚለው ነው። ሰው በያዘው ነገር ላይ ያለው ሙጭጭ ማለት ነፍሱን ያከብዳታል፣ ሲሰጥ ያ ነገር ይላላል። መነኩሴ ደግሞ ምንም የማይመልስ፣ ውለታ የማይቆጥር፣ ነገ ሥራ የማያስገባ ተቀባይ ስለሆነ ለእሱ የሚሰጥ ሰው በልውውጥ ሊያስበው አይችልም።

በ1760 የተመሠረተው ቴራፓንት የሚባለው ቅርንጫፍ ይህን እስከ መጨረሻው ወስዶታል። ለተቸገረ መስጠት ጥሩ የዓለም ሥራ ነው፣ ነፍስን ነፃ የሚያወጣው ግን ሌላ ነው ብሎ ለያቸው። ሌሎቹ ጄይኖች በዚህ ጉዳይ ከእነሱ ጋር ሲከራከሩ ኖረዋል፣ ርኅራኄን ከሃይማኖት አስወጣችሁ እያሉ። እኔም ከተከራካሪዎቹ ጋ ነኝ። ግን የቴራፓንቶቹ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ለድሃ ስንሰጥ ስንቱ ለእሱ፣ ስንቱ ደግሞ ለራሳችን ደስታ ነው?

መነኮሳቱ ገንዘብ አይነኩም ይባላል። ምን በልተው ይኖራሉ?

አይነኩም። መኪና፣ ባቡር፣ አውሮፕላን አይሳፈሩም። ምግብ አያበስሉም፣ አያስቀምጡም። ከዝናቡ አራት ወራት በስተቀር አንድ ቦታ አይከርሙም፣ በእግራቸው ይጓዛሉ። የሚበሉት በየቀኑ ከየቤቱ በሚሰጣቸው ነው።

አካሄዱን ላሳያችሁ። ሁለት ነጭ የለበሱ ሴት መነኮሳት ረፋዱ ላይ የአንድ ሕንፃ ደረጃ ይወጣሉ። ቀጠሮ አልያዙም፤ ዛሬ የት እንደሚገቡ ማንም አያውቅም። በሩ ላይ ቆመው «ዳርማ ላብ» ይላሉ፣ የጽድቅ ትርፍ ይሁንላችሁ እንደማለት። የቤቱ እመቤት ደስ ብሏት ኩሽና ድረስ ታስገባቸዋለች። መነኩሲቷ አንድ በአንድ ታያለች። ምግቡ እሳት ላይ ካለ አትወስድም። ጥሬ ቅጠል ወይም ያልፈላ ውሃ ከነካው አትወስድም። እመቤቲቱ ለክብሯ ብላ እጇን ቧንቧ ስር ለቅለቅ ካደረገች አለቀ፣ ከዚያ እጅ አትቀበልም፤ ውሃው ውስጥ ያሉት ነፍሳት በእሷ ሰበብ ተጎዱ ማለት ነው። ለእሷ ተብሎ የተሠራ ምግብም አይሆንም፣ ቤተሰቡ ለራሱ ካበሰለው ላይ ብቻ። ሁለት ቂጣ፣ ትንሽ ምስር። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት የለም፣ ከመሬት ተነቅሎ የሚወጣ ሥር ተክሉን ከነነፍሱና አብረውት ካሉት ፍጥረታት ጋር ይገድላል ብለው። እመቤቲቱ «ትንሽ ልጨምር» ብላ ትለምናለች። መነኩሲቷ የእንጨት ሳህኗን በእጇ ትከልላለች። ከአንድ ቤት ጠግቦ መውጣት የለም፣ ቤቱ በእሷ ምክንያት እንዳይጎድልበት ከብዙ ቤት ጥቂት ጥቂት ትወስዳለች።

ስትወጣ አታመሰግንም። አመስጋኟ የቤቱ እመቤት ናት፤ ዕድሉን ያገኘችው እሷ ናትና።

የዲጋምባራ መነኩሴ ሳህን እንኳ የለውም። በቀን አንድ ጊዜ ቆሞ በሁለት እጁ ተቀብሎ ይበላል። ያለው የፒኮክ ላባ መጥረጊያ፣ የውሃ ማሰሮና ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ላባው ራሱ ወፉ ጥሎት የተለቀመ ነው።

ምእመኑስ? ቤትና ልጅ ያለው ሰው እንዴት ንብረት አለመያዝ ይችላል?

ጣሪያ ይወስናል። «ከዚህ በላይ ቤት፣ ከዚህ በላይ ወርቅ፣ ከዚህ በላይ መሬት አልይዝም» ብሎ ይሳላል።

በጥንት መጻሕፍታቸው አናንዳ የሚባል የማሃቪራ ተከታይ አለ። 40 ሚሊዮን ወርቅ በግምጃ ቤት፣ 40 ሚሊዮን በብድር የተሰማራ፣ 40 ሚሊዮን በንብረት፣ እያንዳንዳቸው 10,000 ላሞች ያሉባቸው አራት መንጋዎች ነበሩት። በዚህ ይበቃኛል ብሎ ማለ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፣ ይህም ምናኔ ነው ወይ ብሎ። ግን ዝርዝሩን ብታዩት አናንዳ በምን እጅ ፎጣ እንደሚጠቀም፣ ጥርሱን በየትኛው እንጨት እንደሚፍቅ፣ የትኛውን ፍሬ ብቻ እንደሚበላ ሳይቀር ወስኗል። «ይበቃኛል» ማለት ለሀብታም ከባድ ቃል ነው። እስቲ ስንቶቻችን ነን ደሞዛችን ስንት ሲደርስ ሌላ መፈለግ እንደምናቆም ቁጥር ያስቀመጥነው?

ቤተ መቅደስ ውስጥ ጨረታ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ደግሞም እልል ያለ ጨረታ። ቦሊ ይሉታል። በሽቬታምባራዎች የስምንት ቀን የጾምና የንስሐ በዓል፣ ፓርዩሻን በሚሉት፣ የማሃቪራ ልደት የሚነበብበት ቀን አለ። እናቱ ከመውለዷ በፊት ያየቻቸው 14 ሕልሞች በብር ተሠርተው ከላይ በገመድ ይወርዳሉ፤ ዝሆኑ፣ አንበሳው፣ የሀብት አምላኳ፣ ጨረቃው። እያንዳንዱን የማውረድና የአበባ ጉንጉን የማጥለቅ ክብር ይጫረታል። አዳራሹ ይሞላል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ቤተሰብ እየተንሾካሾከ ይመካከራል፣ አጫራቹ ዋጋ ይጠራል። ዋጋው በብዙ ቦታ እስከ ዛሬ በቅቤ መጠን ነው የሚጠራው። ድሮ ለመብራቱ የሚቃጠለው ቅቤ ስለነበር ነው፣ አሁን አንዱ መለኪያ ቅቤ ይህን ያህል ሩፒ ነው ተብሎ ይሰላል። በቤተ ክርስቲያን የገቢ ማሰባሰቢያ ላይ ጃንጥላ ሲጫረት ያየ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

ነገሩን የሚተቹ ጄይኖች አሉ፣ ክብር ለገንዘብ ሆነ ብለው። ትችታቸው ትክክል ይመስለኛል። ከጨረታው የሚያስደስተኝ አንድ ነገር ግን ያሸነፈው ሰው ብዙ ጊዜ ክብሩን ለብቻው አለመያዙ ነው፤ እናቱን፣ የወንድሙን ሚስት፣ ጎረቤቱን ጠርቶ ገመዱን አብረው ይይዙታል።

ገንዘቡስ የት ይገባል?

በምን ስም እንደተሰጠ ይወስነዋል። ለመቅደሱ ምስል የተሰጠ ገንዘብ ለመቅደስ ብቻ ነው፤ ለትምህርት ቤት ወይም ለጾመኞች ምግብ ማዋል በሽቬታምባራዎች ዘንድ ከባድ ኃጢአት ነው። ለእንስሳት የተሰጠ ለእንስሳት፣ ለመጻሕፍት የተሰጠ ለመጻሕፍት። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ቦታ እብነ በረዱ የሚያበራ መቅደስ አጠገብ ኪራይ የቸገረው ጄይን ቤተሰብ ታገኛላችሁ። ወጣቶቹ በዚህ ይከራከራሉ፣ እኔም ሕጉ ቢላላ ደስ ይለኛል። ሕጉ የተሠራው ግን ባለ አደራዎች ገንዘቡን እንዳይበሉት ነው፣ ያንን ደግሞ መናቅ አይቻልም።

ስሙን ሳያሳውቅ የሚሰጥ የለም?

ሞልቷል። ጉፕት ዳን ይሉታል፣ ስውር ስጦታ፤ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። የለጋሾች ስም በተቀረጸበት ግድግዳ ላይ እንኳ «ስውር ስጦታ» ብቻ የሚል መስመር ይገኛል።

ካርናታካ ውስጥ ሽራቫናቤላጎላ ላይ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ባሁባሊ የሚባል ቅዱስ ሐውልት አለ፣ ቁመቱ ወደ 17 ሜትር ተኩል ይሆናል። ቻቩንዳራያ የሚባል ሚኒስትርና ጦር አዛዥ በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሠራው ነው። የአካባቢው ወግ እንዲህ ይላል። ሐውልቱ ሲመረቅ ቻቩንዳራያ በብዙ ገንቦ ወተት ከአናቱ ላይ አስፈሰሰ። ወተቱ ከእምብርቱ በታች አልወርድ አለ። ብዙ ቢጨምሩም እንቢ አለ። አንዲት አሮጊት በትንሽ ፍሬ ቅርፊት ወተት ይዛ መጥታ ነበር፤ እስቲ ትሞክር ተባለ። ያቺ ጠብታ እስከ እግሩ ጣት ወረደች፣ ኮረብታውንም አረጠበችው። የአሮጊቷ ምስል እዛው ከሐውልቱ ግቢ በር ላይ ቆሞ ይታያል። በየ12 ዓመቱ ገደማ ሐውልቱ በወተት፣ በእርድ ቅመምና በሰንደል ይታጠባል፣ የመጨረሻው በ2018 ነበር። የመጀመሪያዎቹን ገንቦዎች የማፍሰስ ክብር ዛሬም ትልቅ ገንዘብ ይከፈልበታል። ከፋዩ ሲወጣ ሲወርድ የሚያልፈው ግን በአሮጊቷ በኩል ነው።

ለእንስሳት የሚያወጡት ገንዘብ አይበዛም?

የታመሙና ያረጁ ከብቶች የሚጦሩበት ፓንጅራፖል የሚባል ቤት በጉጃራት ብዙ ከተማና መንደር አለ። በ1832 ቦምቤይ ውስጥ የእንግሊዝ ፖሊስ የመንገድ ውሾችን ሲገድል ረብሻ ተነሳ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞቲሻህ የሚባለው ጄይን ነጋዴና ፓርሲው (የዞራስተር እምነት ተከታዩ) ጃምሼትጂ ጂጂቦይ ሌሎችን አስተባብረው የቦምቤይን ፓንጅራፖል አቋቋሙ። ዛሬም በሙምባይ፣ በያኔዋ ቦምቤይ፣ መሐል አለ።

ዴልሂ ከሄዳችሁ ከቀይ ምሽጉ ፊት ለፊት ባለው የዲጋምባራ ቤተ መቅደስ ግቢ የወፎች ሆስፒታል አለ፣ ከ1929 ጀምሮ የሚሠራ። ክንፏ ልጆች በሚያበሩት ወረቀት (ካይት) ክር የተቆረጠች እርግብ በካርቶን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ሕክምናው ነፃ ነው። ጭልፊትና ንስር በተመላላሽ ብቻ ይታከማሉ፤ ሥጋ በል ስለሆኑ ከሌሎቹ ጋር አይተኙም። ከዳኑ በኋላ ወፎቹ ከጣሪያው ላይ ይለቀቃሉ።

ይበዛል ወይ ለተባለው፣ አይመስለኝም። ለሰውም ይሰጣሉና።

ለሰው ምን ሠሩ?

ከሁሉ የምወደው ጃጋዱ የሚባለውን፣ ጉጃራት ውስጥ ያለው የካች አካባቢ ነጋዴ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሦስት ዓመት ድርቅ እንደሚመጣ አንድ መነኩሴ ነገረው፣ እሱም ጎተራዎቹን አስሞላ። ረሃቡ ሲገባ ንጉሡ እህል ሊገዛ ቢጠይቀው፣ በጎተራዎቹ ውስጥ በመዳብ ላይ የተጻፈውን አሳየው ይላል የሕይወት ታሪኩ፤ እህሉ የድሆች ነው የሚል ነበር። ሌላም ነገር አድርጓል። የተከበሩ ቤተሰቦች ሲርባቸውም መለመን ያፍራሉ። ለእነሱ ውስጡ ወርቅ የተደበቀበት ጣፋጭ እያስጋገረ አደለ። ለአፋሮች የሚሰጥ ጉርሻ ተብሎ ስም ወጥቶለታል። ሰው ርቦትም ክብር እንዳለው ማሰብ፣ እንዴት ያለ ልብ ነው!

አህመዳባድ ያለው የሃቲሲንግ ቤተ መቅደስ በ1848 ነው የተመረቀው። ጀማሪው ነጋዴ መሐል ላይ ሲሞት ሚስቱ ሃርኩንቫር ጨረሰችው። ግንባታው በክፉ ቀን የብዙ ድንጋይ ጠራቢዎች እንጀራ ሆኖ ነበር። ይህችው ሴት ለሴት ልጆች ትምህርት ቤትና ለሆስፒታልም ሰጥታለች፣ በዚያ ዘመን!

በቅርቡ ዘመን በ1975 ጃይፑር ላይ ዲ. አር. ሜህታ በማሃቪራ ስም የአካል ጉዳተኞች መርጃ ድርጅት አቋቋሙ። እሳቸው ራሳቸው በ1969 በመኪና አደጋ እግራቸውን ለጥቂት ነው ያተረፉት። «የጃይፑር እግር» የሚባለውን ሰው ሠራሽ እግር በነፃ ይሰጣሉ፣ ሃይማኖት አይጠየቅም። አቻርያ ቻንዳና የሚባሉ መነኩሲት ደግሞ በ1973 ቢሃር ውስጥ ቪራያታን የሚባል ድርጅት መሥርተው የዓይን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ከፈቱ። መነኩሴ በዓለም ሥራ አይገባም የሚለውን ወግ ስለሻሩ ብዙ ተወቅሰዋል። በ1987 አቻርያ የሚለውን የመነኮሳት አለቃነት ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ጄይን ሴት ሆኑ።

አሁን ወደ ሚሊየነሮቹ። እውነት ሁሉን ይተዋሉ?

ሁሉን። በ2015 የዴልሂ የፕላስቲክ ነጋዴ አህመዳባድ ላይ መነነ፤ ጋዜጦች ሀብቱን ወደ 6 ቢሊዮን ሩፒ አድርሰውት ነበር። በ2024 የጉጃራት ባልና ሚስት ወደ 2 ቢሊዮን ሩፒ ሰጥተው ወጡ፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ከሁለት ዓመት በፊት ቀድመዋቸው ነበር።

ሥርዓቱ ዲክሻ ይባላል። መናኙ እንደ ሙሽራ ይለብሳል፣ በሠረገላ ወይም በዝሆን ከተማውን ይዞራል፣ እየሄደ ገንዘብ፣ ልብስ፣ ጌጥ፣ ሩዝ ለሕዝቡ ይበትናል። ይህ ማሃቪራ ከመመነኑ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ሀብቱን እንደሰጠ የሚታሰብበት ነው፤ ወጉ በየቀኑ 10.8 ሚሊዮን የወርቅ ሳንቲም ሰጠ ይላል። ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ይታጠባል፣ ጌጡን ያወልቃል፣ ጸጉሩ ይላጫል፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ዘለላዎች በእጅ ይነቀላሉ። ከዚህ በኋላ ጸጉሩን በየጊዜው በእጁ እየነቀለ ነው የሚኖረው። መምህሩ ከሱፍ የተሠራውን መጥረጊያ፣ ከመቀመጡ በፊት ነፍሳትን ቀስ ብሎ የሚያነሳበትን፣ ሲሰጠው ይጨፍራል። መጥረጊያውን ከፍ አድርጎ ይዞ ይዘላል፣ ሕዝቡ ያለቅሳል፣ እናት ያለቅሳሉ። አዲስ ስም ይሰጠዋል። ባልና ሚስት ከሆኑ ከዚያች ቀን ጀምሮ ባልና ሚስት አይደሉም። እሱ ወደ ወንዶቹ፣ እሷ ወደ ሴቶቹ።

ሀብቱ ግን ሁልጊዜ ለድሃ አይሄድም። ብዙ ጊዜ የሚበልጠው ለልጆችና ለወንድሞች፣ ቀሪው ለመቅደስና ለበጎ አድራጎት ይሆናል። ዜናው ይህን አይናገርም።

ከዕዳ ወይም ከትዳር ለማምለጥ የሚመንን የለም?

የወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ፈቃድ ያስፈልጋል። መምህሩም ፈላጊውን ከመነኮሳት ጋር ባዶ እግሩን እያስጓዘ፣ እያስጾመ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይፈትነዋል። ይህን ሁሉ አልፎ የሚመለስ አለ፤ ያፍራል፣ ግን ይመለሳል።

ልጆችም ይመንናሉ?

አዎ። በጥር 2023 የአንድ የሱራት አልማዝ ነጋዴ የ8 ዓመት ልጅ መንናለች። ቤተሰቡ ፍላጎቱ የእሷው ነው አለ፣ ማኅበረሰቡም በድምቀት ሸኛት። እኔ በዚህ አልስማማም። ሀብትን መተው ትልቅ ነገር የሚሆነው ሰው ምን እንደሚተው ሲያውቅ ነው፣ የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ ገና ምንም አልያዘችም። ይህን የሚሉ ጄይኖችም ብዙ ናቸው።

ሴቶች ይመንናሉ ወይስ የወንድ ነገር ነው?

በሽቬታምባራ ሴት መነኮሳት ከወንዶቹ በብዙ ይበልጣሉ። ከማሃቪራ ሴት ተከታዮች የመጀመሪያዋ መነኩሲት ቻንዳናባላ ነበረች። ልዕልት ሆና ተወልዳ በባርነት የተሸጠች፣ ራሷን ተላጭታ እግሯ በሰንሰለት የታሰረ። ማሃቪራ ከአምስት ወር በላይ ጾሞ ሲያልፍ ለእሷ ከተሰጣት የተቀቀለ ጥራጥሬ ሰጠችው። ከማንም ያልተቀበለውን ከእሷ ተቀበለ።

እስከ ሞት መጾም የሚባለውስ?

ሳሌካና ወይም ሳንታራ ይባላል። መዳን የሌለው በሽታ ወይም የመጨረሻ እርጅና ሲመጣ፣ በመምህር ፈቃድ፣ ምግብን ቀስ በቀስ መተው ነው። በነሐሴ 2015 የራጃስታን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ራስን ማጥፋት ነው ብሎ ከለከለ። ጄይኖች በየከተማው ሰልፍ ወጡ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አገደው።

ድሃ የሆነ ጄይን ምን ይሰጣል?

ፑኒያ የሚባለው ሰው ታሪክ በየቤቱ ይነገራል። ጥጥ እየፈተለ የዕለት ጉርሱን የሚያገኝ ድሃ ነበር፣ ገቢው ለሁለት ሰው እንጂ ለሦስት አይበቃም። ስለዚህ አንድ ቀን እሱ ይጾማል፣ አንድ ቀን ሚስቱ ትጾማለች፣ በተረፈው ድርሻ በየቀኑ አንድ እንግዳ ይበላል። ንጉሥ ሽሬኒካ ይህን ሰው ፍለጋ መጣ። የምትጸልይባትን የአንዲት ሰዓት ጽድቅ ሽጥልኝ አለው። ፑኒያ የሚሸጥበትን ዋጋ አላውቅም አለ። ማሃቪራ ተጠየቀ፤ መንግሥትህ በሙሉ ለደላላው እንኳ አይበቃም አለው ይላሉ።

በእኛ አካባቢ ጄይኖች አሉ?

ኬንያ ውስጥ አሉ። ኦሽዋል የሚባሉት ከጉጃራት ጃምናጋር አካባቢ መንደሮች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ መጥተው ነጋዴ ሆኑ። ናይሮቢ ላይ ትምህርት ቤቶችና ትልቅ ማዕከል አላቸው። ሞምባሳ በ1963 የተሠራ ነጭ የእብነ በረድ ቤተ መቅደስ አለ፤ ለጎብኚ ክፍት ነው። ጫማ፣ ቀበቶና የቆዳ ቦርሳ ውጭ ይቀራል። ህንድ ሄዳችሁ መነኩሴ ካገኛችሁ ገንዘብ አትዘርጉለት፣ ተቃራኒ ፆታ ከሆናችሁም አትንኩት። መስጠት ካማራችሁ በቤተ መቅደሱ በር አጠገብ ሣጥኖች አሉ፤ የትኛው ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ አስገቡ፣ ምክንያቱም የወፎቹን ሣጥን ማንም ለጣሪያ ጥገና አይከፍተውም።